በፓስፖርቱ ላይ የሚጻፈው ስም

ዛንዚባርን የመረጠችው ልጄ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት፣ አንድ እሁድ ምሳ እየበላን ሳለ ካርታ ይዛ መጣችና የወጡን ድስት ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"እዩት፤ እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚህ ፀሐይ ነው። ደሴት ስለሆነ ደግሞ እውነተኛ ባሕር ማዶ ነው" አለች።

"ባሕር ማዶ" አለ ባለቤቴ፣ ቃሉን አፉ ውስጥ እያገላበጠ። ባለቤቴ እዚሁ ለቡ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። አባቱ ጤፍና ምስር ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ተደርድሯል፤ እሱም የነዚያኑ ፎቆች ሊፍት እየጠገነ ይኖራል። አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። እኔ ጎፋ ባለ አንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ለሥልጠና አንዴ መቀሌ ከመብረሬ በቀር ከሱ አልሻልም ነበር። ግን ልጆቹን አንድ ቀን ባሕር እናሳያችኋለን ብለን ከተናገርን ቆይተናል። እነሱም አልረሱትም።

ወንዱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ጉዞው መወሰኑን በሰማ ማግስት የእጅ መታጠቢያውን ውሃ እየሞላ፣ ፊቱን እየነከረ፣ ትንፋሽ መያዝ ይለማመድ ጀመር። እህቱ በስልኬ ሰዓት ትይዝለታለች። እሷ የሚያስፈልገንን ነገር ሁሉ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ አንደኛው ተራ ላይ "ፓስፖርት" ይላል።

ለልጆች ፓስፖርት ለማውጣት የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። አንድ ቀን ልጆቹ ትምህርት ቤት እያሉ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን የወረቀት ቦርሳ አወረድኩ። የሴቷን ወዲያው አገኘሁት። የወንዱን ሳወጣ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ረስቼው አልነበረም፤ አለማሰብን ስለለመድኩት ነው እንጂ። የአባት ስም በሚለው ቦታ ላይ ያለው የባለቤቴ ስም አይደለም። የእናት ስም በሚለውም የኔ አይደለም።

ልጁ የታናሽ እህቴ ልጅ ነው። ስምንት ወር ሲሞላው እህቴ በኩላሊት ሕመም ሞተች። አባቱ ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይነዳል። ለቅሶው ሳያበቃ ልጁን አቅፌ ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። የኔ ልጅ ሁለት ዓመቷ ስለነበር የእሷን ልብስ አልብሼ፣ በእሷ አልጋ አስተኝቼ አሳደግኩት። መዋዕለ ሕፃናት ስናስገባው ከክትባት ካርድ በስተቀር ምንም ወረቀት አልተጠየቅንም። ቅጹ ላይ ባለቤቴ የራሱን ስም የአባት ስም አድርጎ ሞላ። "ለጊዜው ነው" ተባባልን። አንደኛ ክፍል ሲገባ እንነግረዋለን አልን። ከዚያ ደግሞ ሰባት ዓመት ሲሞላው። ከዚያ ፈተናው ይለፍና። እንዲህ እያልን አሥራ አንድ ዓመት ሞላው።

በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ባለቤቴ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ሊፍት ሲሠራ ውሎ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ባለ ሁለት ጋቢና የዕቃ መኪናው ውስጥ እየጠበቀኝ ነበር። ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበና መለሰልኝ።

"በዚህ ስም ነው ማለት ነው የሚወጣው?" አለኝ።

"በሌላ አይሆንም።"

ከፊታችን ታክሲዎች ተሳፋሪ ሲጠሩ፣ ሰው ከዝናቡ ሸሽቶ ከሱቆቹ በረንዳ ሥር ሲጠጋጋ አየን።

"ለምን ጉዞውን አንተወውም?" አለ በመጨረሻ።

"ምን ብለን?"

"ወረፋው በዛ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ… ሰበብ ይጠፋል እንዴ?"

እኔም ተስማማሁ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን የተሰማኝ እፎይታ ነበር። የዚያን ዕለት ራት ላይ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ወንዱ "እሺ" አለና ሾርባውን መጠጣት ቀጠለ። ሴቷ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ኩሽና ሆኜ ድንች እልጣለሁ። ዩኒፎርሟን ሳትቀይር መጥታ ሁለተኛውን ቢላዋ አነሳች።

"ማሚ፣ ወረፋ አይደለም አይደል?"

"ምን?"

"የሱ ወረቀት ነው። የአክስቴ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ እኮ።"

ድንቹ ከእጄ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እሷ ጎንበስ ብላ አነሳችውና አጠበችው። ስምንት ዓመት ሆኗት አባቴ ሲሞቱ ለቅሶ ይዘናት ሄደን ነበር። ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ሳለች አንዷ ወንድሟን አይታ "ቁርጥ እናቱን፤ ነፍሷን ይማር" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ሌላዋ "ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች" አለች። በዚህ ነው ያወቀችው።

"አራት ዓመት ሙሉ! ለምን አልጠየቅሽኝም?" አልኳት።

"አንቺም አልነገርሽኝማ።"

"ለሱስ ነግረሽዋል?"

"እንዴ፣ ማሚ!" ቢላዋውን አስቀመጠች። "ቢያለቅስ እኔ ምን አደርገዋለሁ? እሱ የናንተ ሥራ ነው።" ድንቿን ልጣ ጨረሰችና፣ ወደ ክፍሏ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆመች። "ደግሞ እኮ ትንፋሹን አርባ ሰከንድ መያዝ ደርሶ ነበር" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነገርነው። አልጋው ላይ እኔ በአንድ በኩል፣ ባለቤቴ በሌላ በኩል ተቀመጥን። ባለቤቴ ነበር የጀመረው፤ ነገሩን ግን ሊፍት ለምን እንደቆመ ለነዋሪዎች ሲያስረዳ እንደሚያደርገው ዙሪያ ጥምጥም ወሰደው፤ ስለ ወረቀት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ፊርማ። ልጁ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። አላስቻለኝም።

"ሳሎን ያለችውን ፎቶ ታውቃት የለ?" አልኩት። "አክስትህ ናት የምንልህን። የወለደችህ እሷ ናት። ሕፃን ሆነህ ሞተችብህ፤ እኛ አሳደግንህ።"

ልጁ ጉልበቱን አቀፈ።

"እናንተስ ምኔ ናችሁ?"

"እናትና አባትህ ነና" አለ ባለቤቴ። ድምፁ ሰለለ። "ይሄ እኮ አይቀየርም።"

ልጁ በሩ ጋ የቆመችውን እህቱን አያት።

"አንቺ ታውቂያለሽ?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሦስተኛ ክፍል።"

ትራሱን አንስቶ ወረወረባት። ከዚያ ብድግ ብሎ ሄዶ በሁለት እጁ ገፋት፤ እሷም አልመለሰችለትም። ያን ቀንና የሚቀጥሉትን ሁለት ቀናት የተቆጣው በእኛ አልነበረም። በእሷ ነበር። እኛን ይታዘዘናል፣ ይበላል፣ የቤት ሥራውን ይሠራል። ከእሷ ጋር ግን አንድ ቃል አይለዋወጥም። እሷ በየቀኑ ካገኘችው ከረሜላ ግማሹን አልጋው ላይ እያስቀመጠች ትወጣለች። በአራተኛው ቀን ከረሜላውን በላው። በአምስተኛው ቀን ሲሳሳቁ ሰማኋቸውና ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ጥያቄዎቹ በአንድ ጊዜ አልመጡም። ታክሲ ስንጠብቅ፣ ጫማውን ሲያስር፣ ጥርሱን ሲቦርሽ አንድ አንድ እያለ ያመጣቸዋል። ታማ ነው የሞተችው? ድምጿ እንዴት ነበር? ኳስ ትወድ ነበር? የማውቀውን ሁሉ መለስኩለት። ኳስ እንደማትወድ፣ ስትስቅ ግን ጎረቤት ድረስ እንደሚሰማ ነገርኩት። ፎቶዋን ከሳሎን አንስቶ አልጋው አጠገብ አደረገው። ከሳምንት በኋላ ልብስ ሳሰጣ በረንዳ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

"እሱስ ሞቷል?"

"ማን?"

"ወረቀቱ ላይ ያለው።"

"አልሞተም። ዝዋይ ነው ያለው።"

"ታዲያ ለምን አይመጣም?"

ሰበብ መፍጠር እችል ነበር። ሩቅ ነው ልለው እችል ነበር፤ ዝዋይ ግን ሩቅ አይደለም። እውነቱ ይኸውና። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየጥቂት ወሩ ዓሣ በበረዶ አድርጎ እየያዘ ይመጣ ነበር። ልጁን ሲያቅፈው ልጁ ያለቅሳል፤ ወደ እኔ ይንጠራራል። አባትዬው አንገቱን ደፍቶ ይመልስልኛል። አንድ ቀን በር ላይ ስሸኘው "ልጁ ግራ እየተጋባ ነው። ትንሽ ከፍ ሲል እኔ ራሴ እጠራሃለሁ" አልኩት። "እሺ፣ እትዬ" ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ይደውላል። "ደህና ነው?" ይለኛል። "ደህና ነው" እለዋለሁ። በዚሁ ይበቃል። እሱ መጥራቴን ጠበቀ፤ እኔ አልጠራሁትም። ለልጁ ስል ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው፣ እጆቹን ወደ እኔ የሚዘረጋውን ልጅ ላለማጣት ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጁ አልዘረዘርኩለትም። "እኔ ነኝ አትምጣ ያልኩት" ነው ያልኩት። "ከፍ ስትል እጠራሃለሁ ብዬው ነበር።"

የልብስ መቆንጠጫውን እየከፈተ እየዘጋ አሰበ።

"አሁን ከፍ አላልኩም?" አለኝ።

የዚያኑ ቀን ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ ስነግረው በስልኩ ውስጥ የጀልባ ሞተር ሲጠፋ ተሰማኝ። "መቼ ልምጣ?" ብቻ ነው ያለኝ።

ሀይሌ ጋርመንት ባለ አንድ ጁስ ቤት ተቀጣጠርን። አራታችንም ሄድን። ከሩቅ አወቅኩት። ጠጉሩ ሳስቷል፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ስንገባ ተነስቶ ቆመ። እኔን ጉንጬን ሳመኝ፤ ባለቤቴን "ጋሼ" ብሎ ጎንበስ ብሎ ጨበጠው። ልጁ ፊት ሲደርስ ግን ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። እጁን ዘረጋለት፤ ልጁም ጨበጠው። ሁለቱም ወዲያው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ በአንድ ዓይነት አኳኋን።

ጁሱ መጣ። መጀመሪያ የተናገረችው ልጄ ናት።

"ጀልባ ነው የምትነዳው?" አለችው።

"አዎ። እንግዶችን ወደ ደሴቶቹ አመላልሳለሁ።"

ልጁ ቀና አለ። "መዋኘት ትችላለህ?"

"እችላለሁ። ባልችል እናቴም አታስነካኝም ነበር ጀልባውን።"

"ውሃ ውስጥ ዓይን ይከፈታል?"

"ሐይቁ ውስጥ ይከፈታል፤ ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ብዙም አያሳይም እንጂ። የባሕሩ ጨው ስላለው ያቃጥላል ይላሉ። እኔም ባሕር አላየሁም።"

"እኛ ልናይ ነው" አለ ልጁ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ፓስፖርት ከወጣልኝ" አለ።

"ሌላ ልጅ አለህ?" ብላ ደግሞ ልጄ ጠየቀችው። በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኳት።

"የለኝም። አላገባሁም" አለ፤ አልተቀየማትም።

ባለቤቴ ነገሩን አስረዳ። የወረዳችን የሕግ ባለሙያ ሁለት መንገድ እንዳለ ነግራው ነበር። አንዱ፣ ልጁ በልደት ወረቀቱ ላይ ባለው ስም ፓስፖርት ይወጣለትና አባቱ ይዘነው እንድንሄድ በውልና ማስረጃ ይፈርምልናል። ሌላው በፍርድ ቤት የሚያልቅ ጉዲፈቻ ነው፤ ይዘገያል፣ ጉዞውም ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ በስምም በሕግም የኛ ይሆናል። ባለቤቴ ሁለቱንም ሲናገር ድምፁን አልለወጠም። የትኛውን እንደሚፈልግ ግን እኔ አውቃለሁ። ያቺን የመዋዕለ ሕፃናት ቅጽ ሲሞላ ፊቱን አይቼዋለሁ።

"እናንተ ያላችሁት ይሁን" አለ አባትዬው። "ያሳደጋችሁት እናንተ ናችሁ። ጉዲፈቻም ከሆነ እፈርማለሁ፣ ጋሼ። እኔ እንደሆንኩ ምንም ብዬ አልቃወምም።" ይህን ሲል ልጁን አላየውም፤ ያልጠጣውን ጁስ ነበር የሚያየው።

በመኪና ወደ ቤት ስንመለስ ያካፋ ነበር። ለቡ መብራት ኃይል ልንደርስ ስንል ከኋላ ወንበር "ያኛው ስም ይጻፍ" የሚል ድምፅ መጣ።

"የቱ?" አለ ባለቤቴ።

"ወረቀቱ ላይ ያለው።"

"ለጉዞው ብለህ ከሆነ እኮ ባሕሩ የትም አይሄድም። በሚቀጥለው ዓመትም…"

"ለጉዞው አይደለም።" አለ ልጁ። "አንተ እኔም አለሁህ፣ እሷም አለችህ። እሱ ማንም የለውም። ስሙ እንኳ ይኑርለት።"

ባለቤቴ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። "ጎማውን ልየው፤ ነፋስ የቀነሰ መሰለኝ" ብሎ ወረደ። በመስታወቱ አየዋለሁ። ጎማውን አላየም። ጀርባውን ሰጥቶን በካፊያው ውስጥ ቆሞ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ እርጥብ ነበር፤ ጃኬቱም እንደዚያው።

"ጎማው ደህና ነው" አለ። ሞተሩን አስነሳና በመስታወቱ ውስጥ ልጁን አየው። "ያልከው ልክ ነው። እኔም ባንተ ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።"

"ትምህርት ቤት ግን አትንኩት" አለ ልጁ። "ይስቁብኛል።"

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ሥራ ነበር። አባትዬው ለፊርማው ድጋሚ መጣ፤ የዚያን ቀን ሲለያዩ ልጁ ራሱ ጉንጩን ሰጠው። የጣት አሻራ ሰጠን፣ ፎቶ ተነሳን፣ የቢጫ ወባ ክትባት ተከተብን። ሥራዬ ከሰው ደም መቅዳት ሆኖ ሳለ ለራሴ መርፌ ሲመጣ ዓይኔን ስጨፍን ልጆቹ ሳቁብኝ። ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ፣ በፀሐይ ቅባትና በዋና ልብስ መካከል፣ በልጄ እጅ ጽሑፍ "የአባቱ ፈቃድ፣ ዋናውና ኮፒው" የሚል ተጨመረ። ባለቤቴ ውሃ ሊያወጣ ፍሪጁን በከፈተ ቁጥር ያየዋል። አንድ ቀን እስኪብርቶ አንስቶ ራሱ ምልክት አደረገበት።

ፓስፖርቶቹ የወጡ ዕለት ልጁ የራሱን ገልጦ ስሙን እስከ አያቱ ድረስ ጮክ ብሎ አነበበ። ለጆሮው አዲስ ስለነበር ደገመው።

"ካንቺ ይረዝማል" አላት እህቱን።

"በፊደል ብዛት ነው እንዴ!" አለችው።

ስለ ዛንዚባር ብዙ አልጽፍም። አምስት ቀን ነበርን። ባለቤቴ አውሮፕላኑ ሲነሳ እጄን ጨምቆ ሊሰብረው ነበር። ልጄ ከፀሐዩ የተነሳ ትከሻዋ ተላጠ። እዚያ ስንደርስ የፓስፖርት ሠራተኛው የአራታችንን ደብተር ጎን ለጎን አስቀምጦ "ይህ ልጅ ምናችሁ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ የሚመልሰውን ሲፈልግ ልጁ ከፋይሉ ውስጥ የፈቃዱን ወረቀት አውጥቶ ዘረጋለትና፣ ባለቤቴን እያሳየ በእንግሊዝኛ "ይህ አባቴ ነው፤ የፈቀደልኝም አባቴ ነው" አለው። ሰውየው ወረቀቱን አነበበ፣ እኛን አየን፣ ማህተሙን አሳረፈ።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጁ ዝዋይ ሄዶ ጥቂት ቀን መቆየት ፈለገ። ሁላችንም በመኪና አደረስነው። አባቱ ቤቱን ቀለም አስቀብቶ፣ ለልጁ አዲስ ፍራሽ ገዝቶ ጠበቀን። ሐይቁ ዳር ዓሣ ተጠብሶ በላን። ባለቤቴና እሱ ስለ ሞተር ሲያወሩ፣ አንዱ ስለ ጀልባ አንዱ ስለ ሊፍት፣ ቀኑ አለፈ። ስንነሳ ልጁ ጀልባው ላይ ሆኖ እጁን አውለበለበልን።

በመመለሻው መንገድ ልጄ የኋላ ወንበሩን ብቻዋን ይዛ እግሯን ዘርግታ ተኛች። ሞጆ ስንደርስ ባለቤቴ ዞር ሳይል፣

"የምናመጣው ሐሙስ ነው አይደል?" አለኝ።

"ዓርብ ነው" አልኩት።

"ሐሙስ ሥራ የለኝም" አለ።